ቁልፍ

አርባ ሦስት ቁልፍ አለ በአክስቴ በትሬፊን ቀበቶ፤
አንዱም የሷ አይደለም፤ ክር ታስሮበት፣ ቀለሙ ተለይቶ፣
ቀዩ የዳኛው ነው፣ ሰማያዊው የሐኪም፤
የቢጫውን ባለቤት ስሙን እንጂ መልኩን አላየሁትም።
እሷ ግን ታውቃለች ማን ከማን ተኳርፎ የት እንደሚተኛ፤
አፏ መቃብር ነው፤ አይደለችም ሐሜተኛ።

ፖርዜላን ያኔ፣ በብሪታኒ ዳርቻ፣ ስም እንጂ መንደር አልነበረም፤
አሸዋው ገብስ አያበቅል፣ በግ ጠግቦ አያድርም።
ባሕሩ ሲሸሽ ሴቶቹ ቀሚሳቸውን ሸብ አድርገው
የባሕር ሣር ያጭዱ ነበር፣ እስከ ጉልበት ጨው ውስጥ ገብተው፤
ክምሩን ያነዱታል፤ አመዱን አዮዲን ሠሪ ይገዛል በእፍኝ ሳንቲም፤
ጭሱ ከፀጉር አይለቅ፤ ሙሽራ እንኳ ታጥባ አይሄድላትም።

ከዚያ አንድ ሰው መጣ ከፓሪስ፣ በቁልፍ የከበረ፤
የበር አይደለም፣ የሸሚዝ፤ ከከብት አጥንት አስቀርጾ
የሚሊዮን ሰው ደረት የቆለፈ ነበረ፤
ሙስዬ ኦክታቭ ዴልቬን። ልጁ ስትስል፣ ደም ስትተፋ፣
«የባሕር አየር» ቢለው ሐኪም፣ ይዟት መጣ በቀረው ተስፋ።
ጉብታውን በሙሉ በአንዲት ላም ዋጋ ገዛ።
ሻጯ ባርባ ናት፣ የኔ ቅም አያት፤ አውራ ጣቷን ቀለም አስይዛ
«ሞኝ ተገኘ» ብላ ሳቀች አሉ፣ «አሸዋ የሚገዛ!»

ልጅቱ ሦስት በጋ አየች። አራተኛውን አላየችም።
ቪላው ግን ቆመ፤ ጎረቤት አላጣም፤
ባለ ሳሙናው፣ ባለ መርከቡ፣ ጡረተኛው ጄኔራል፣
እያንዳንዱ ከጎረቤቱ አንድ ክንድ የሚበልጥ ሰገነት ሠርቷል።
ባቡር መጣ፤ ቁማር ቤት መጣ፤ ባለ ሸንተረር ድንኳን፤
ሳይደክማቸው የሚያርፉ ሰዎች አየን።

አንድ ማለዳ በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ደንብ ተለጠፈ፦
መረብ አይሰጣ፣ የባሕር ሣር አይነድ፤
ጭሱ የእንግዳን አፍንጫ ዘለፈ።
ማንም አላመፀም። ማጭዱን ሰቅለው አያቶቻችን ትሪ አነሱ፤
ደመወዙ ከአመድ ይሻላል፤ ደግሞም ንጹሕ ነው ልብሱ።

ጦርነት መጣ፤ ግራጫ የለበሱ ቪላዎቹን ወሰዱ፣
በጽጌረዳው መሐል ሲሚንቶ አፍስሰው መድፍ አጠመዱ።
ሄዱ። ምሽጉ ቀረ፣ በአንድ ጎኑ ዘምሞ፣ ግማሹ በአሸዋ ተውጦ፤
የቪላዎቹ ልጆች ይንሸራተቱበታል፣ አይስክሬም በእጃቸው ቀልጦ።

አሁን የጀልባ ማሳደሪያ እንኳ በሚሊዮን ይሸጣል፤
አንዱ የአጎቴ የጉልቬን ነበረ፤ ዛሬ በዚያው ግቢ አበባ ያጠጣል።
ትምህርት ቤቱ አራት ልጅ ብቻ ቀረውና ተዘጋ።
እኔ አውቶቡስ እነዳለሁ፤ ሠራተኛ አመጣለሁ ሲነጋ፣
ማታ እመልሳቸዋለሁ፤
በቁልፍ የተቆረቆረ መንደር በቁልፍ ሆኗል የሚዘጋ።
ያ የተከለከለው ሣርም ተመልሷል፤ በትልቁ ሆቴል ምድር ቤት
ሰው ራቁቱን ይጠቀለልበታል፣
ለቆዳ ይበጃል ተብሎ፣ መቶ ሰማንያ ዩሮ ተከፍሎበት።

ብርዱ ሲገባ ጭስ የሚወጣው ከአሥራ አንድ ጣሪያ ብቻ ነው።
ያኔ ትሬፊን ትወጣለች፤ በየቤቱ አንዳንድ መብራት ታበራለች፣
ሌባ ሰው ያለ እንዲመስለው።
ከባሕር ላይ ለሚያይ
መንደሩ ሙሉ ነው፤ እራት የቀረበ፣ ልጅ የሚያለቅስ ይመስላል፤
ማን ያውቃል፣ ከሷ በላይ፣
ያን ሁሉ ብርሃን የምትዘራው አንዲት ሴት መሆኗን፣ ጉልበቷን እያመማት፤
ከመንገዱ ማዶ የተከራየቻት የራሷ ክፍል ጨለማ ናት።

ማክሰኞ የዴልቬን ቤት ተራ ነው። ከደረጃው ሥር፣ በመስተዋት፣
በወርቅማ ክፈፍ ውስጥ ተሰቅሏል አንድ ወረቀት፦
«አንድ ጉብታ አሸዋ። ዋጋ፣ አንዲት ላም።»
ከግርጌው የአውራ ጣት አሻራ፤
የእራት እንግዳ ሲመጣ ይታያል፤ በሳቅ ነው የሚወራ።
አክስቴ ተጠግታ መስተዋቱ ላይ ትተነፍስበታለች፣
ጉም ሲይዘው አሻራው ይጠፋል፤ በጨርቅ ትወለውላለች፤
ይመለሳል።
አንዴ «አይቆጭሽም?» አልኳት። ጨርቋን አጠፈች።
«ላሟ» አለችኝ፣ «ወተቷ ጥሩ ነበር አሉ፤ ሰባት ልጅ አሳደገች።»
በሩን ሳበች። ቁልፉን ሁለቴ አዞረች።